አንድ ሚሊዮን ሦስት

አዘዞ ጋራዥ ውስጥ፣ ከዛገ ብረት መሐል፣
የአባታችን ኤንትሬ አራት ድንጋይ ላይ ቆሟል።
ቆጣሪው ስድስት ቤት ነው፤
አምስት ዜሮ ተሰልፎ ከጫፉ አንድ ሦስት አለው።
«ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ! ገና ከሣጥን የወጣ!»
አለ መካኒኩ ታከለ፣ ሳቁ ከሳሉ ጋር መጣ።

እኔ ግን ደብተሩን አግኝቻለሁ
ከጋቢናው ኪስ፣ ናፍታ እንደጠጣ፦
«ጭልጋ ቁልቁለት ላይ ዘጠኞቹ ባንዴ ዞሩ፤
ማሽኑ ቢረሳው እኔ አለሁ ምስክሩ።»
ሦስት ኪሎ ሜትር አልፎ ሞተሩ ዝም አለ።
ሲጭን የኖረው መኪና በሰው መኪና ተጭኖ ገባ፤
ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም አባባ።

ከአርባው ማግስት ሰባት ልጆች በረንዳው ላይ ተቀመጥን፣
ጎማ፣ ሞተር፣ ጋቢና እያልን ልንካፈል ተማከርን።
እኔ፣ የሁሉ ታናሽ፣ ሒሳብ አስተማሪዋ፣
«መጀመሪያ መንገዱን» አልኩ፤
«ጀመራት!» አለች አስካለ፣ ሳትነሣ ከቦታዋ።

ለሰባት፦ ለእያንዳንዳችን
መቶ አርባ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሰባት፤
ቀሪ አራት።
ለአሥራ አንድ ብንሆንስ? ቀሪ አራት።
ለአሥራ ሦስት? ያው አራት፤
በየደጁ የሚቆም፣ ማንም ግባ የማይለው እንግዳ።
«አራቷን ለእኔ» አለ ታላቃችን ይርጋ፣
የቀልዱን። ማንም ግን አልሳቀለት።

መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ በስልኬ ብርሃን፣
እስከ ሺህ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ደጅ አንኳኳሁ፤
መቶ ስድሳ ስምንት በር።
መጨረሻ ላይ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት፤
እሱም አሥራ ሁለት አስተርፎ መለሰኝ።
ከቀሐ ማዶ ደወል ሲሰማ እርሳሴን አስቀመጥኩ።
የከተማችን አርባ አራት ታቦት እንኳ በአሥራ አንድ ይካፈላል፤
ይህ ግን ከአንድና ከራሱ በቀር ዘመድ የለው።
መጽሐፉ «ብቸኛ» ይለዋል። ስንት ዓመት አስተማርኩት፣
ቃሉን ያን ሌሊት ሰማሁት።

አጎቴ መሪጌታ ልሳነወርቅ
ወረቀቴን ገልብጦ በጀርባው ጻፈ፦ ፻፼፫።
ሦስት ምልክት። ዜሮ የሚባል የለም።
«ማሽኑ ባዶውን ያዘ፤ ግዕዝ የተሄደውን» አለ።
ደግሞ እንደ ዓመተ ዓለም ቆጥሮ
በዐሥራ ዘጠኝ ገደፈው፤ ዐሥራ አራት ተረፈ።
ወንበር ዐሥራ ሦስት፣ አበቅቴ ሃያ ሦስት፣ መጥቅዕ ሰባት።
«ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜው ስድስት፣
መስከረሙም በእሑድ ይጠባል።
አባትሽ ሩቅ ቀጠሮ ይዟል።»

ሁለት ወር ሳይሞላ ብረቱ በኪሎ ተሸጠ፤
ብሩ ለሰባት ተካፈለ፣ ሳንቲም ሳይተርፍ።
ቆጣሪውን ፈትቼ ወሰድኩት፣
ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ከጠመኔው ጋር።
ቀሪዋን አራት የወሰዳት የለም።
ባለፈው እሑድ፣ የጫማዬን ክር አጥብቄ፣
ከአዘዞ ወጥቼ በጭልጋ መንገድ
በእግሬ ሄድኳት።