ሦስተኛዋ መብራት

ሠላሳ አንድ ዓመት የሐዲድ ዘብ ሆኜ፣
ለቀይ እየቆምኩኝ፣ አረንጓዴን አምኜ፣
በዌልስ ሸለቆ ባቡር አሳልፌ
ጡረታ የወጣሁ፣ ከነጥርሴ፣ ከነአፌ፣
ሄቪን እባላለሁ። ዛሬ ግን ዘብነቴ
ለአንዲት መብራት ሆነ፣ ከጥፍር ላነሰች፣ እዚሁ ከቤቴ።

ቤታችን ድንጋይ ነው፣ ክንድ ተኩል ግንቡ፤
ዋይፋይ ሲወጣበት ቀጥ ይላል ልቡ።
እኅቴ ኦልዌን ግን ሰገነት ላይ ናት፣
ከባሏ ቀብር ወዲህ ስድስት ዓመት ሆናት።
ስለዚህ ሁለት አዳፕተር፣ መዳፍ የሚያካክሉ፣
አንዱ ታች፣ አንዱ ላይ፣ ሶኬት ላይ ተተከሉ፤
በመብራት ሽቦ ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ
ይንሾካሾካሉ ኢንተርኔት ሲቀዳ።
ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ነው የሰማሁት፣
አፍም እንዳለው ግን ያኔ ነው ያየሁት።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ምሽት አሥራ ሁለት፣
ሦስተኛዋ መብራት ቀላች በድንገት።
“ሄቪን!” አለች ከላይ፣ “የልጄ ፊት ደርቆ፣
አፏን ከፍታ ቀረች፣ ድምፅዋ ተሰርቆ!”
ረቡዕ ደገመች። ሐሙስ ሠለሰች።
ጠዋት ሳያት ደግሞ፣
አረንጓዴ ለብሳ፣ ምንም እንዳልሆነች።

ነቀልኩ። አሥር ቆጠርኩ። መልሼ ሰካሁኝ።
ያቺን ትንሽ ቁልፍ በጣቴ ተጫንኩኝ።
ሁለት ደቂቃ ናት የተሰጠን ጊዜ፣
የላይኛዋንም ካልነኩ በጊዜ
ከንቱ ነው ልፋቱ። ሰማንያ ሊሞላኝ ሁለት ብቻ ቀርቶኝ፣
ሃያ ስድስት ደረጃ ማን “ሩጥ” ብሎ አዘዘኝ?
ሮጥኩኝ። ተጫንኩኝ። ወረድኩኝ። ቀይ።
“በራ ወይ?” አለችኝ። ቀና አልኩ ወደ ላይ።

የጎረቤት ልጅ ማክሰን፣ ዳቦ እየገመጠ፣
የታችኛው ሳጥን የተሰካበትን አይቶ አፈጠጠ፦
“ይህ ማከፋፈያ ጫጫታ ያጣራል፤
የሳጥንህን ወሬ አብሮ ይቀብራል።
ግድግዳው ላይ ስካው።” ሰካሁት። ተሻላት።
እስከ አሥራ ሁለት ብቻ፤ ከዚያ ያው ቅላት።

ሁለቱን አምጥቼ ጎን ለጎን ብሰካ
አረንጓዴ በሩ፤ ፍቅር ናቸው ለካ!
ጠቡ ከመሀል ነው። ሐዲድ ያስተማረኝ፣
አለቃዬ ሟቹ ደጋግሞ የነገረኝ፦
“ምልክት ቢሳሳት ምልክቱን አትምታ፤
መስመሩ ላይ ውረድ፣ ሂድ በእግርህ በዝግታ።”

ፍሪጁን አጠፋሁ። ቀይ።
የልብስ ማጠቢያውን። ቀይ።
ራዲዮ፣ ምድጃ፣ የውሻው ማሞቂያ፣
አንድ በአንድ ስነቅል፣ ከታች መጀመሪያ፣
እየወጣሁ፣ እያረፍኩ፣ ከኦልዌን በር ደረስኩ፤
በበሩ ሥር የሚፈስ ሐምራዊ ብርሃን አየሁ፣ አንኳኳሁ።

መስኮቱ ሥር ሳጥን፤ ሳጥኑ ውስጥ አፈር፤
ባሏ ግዊሊም ትቶት፣ ከፖስታ የቀረ የቲማቲም ዘር፣
ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ ክር የሚያክል በቅሎ፤
በላዩ መብራት አለ፣ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣
ርካሽ፣ የገበያ፣ የሦስት ፓውንድ፣
በሰዓት ታስሮ አሥራ ሁለት ሲል የሚነድ።
“እንዳትስቅብኝ ነው” አለች።
አልሳቅሁም።
ስነቅለው፣ ሳጥኗ አረንጓዴ ሆነች።
ስመልሰው፣ ቀላች።
ልጇ በዚያ ስክሪን፣ ባሏ በዚህ ቅጠል፤
ምረጪ እንዴት ይባላል?

ያኔ ትዝ አለኝ ታች የተውኩት፣
ወሬ በላ ብዬ ከሥራ ያባረርኩት፣
ያ ማከፋፈያ። ወረድኩ፣ ይዤ ወጣሁ፤
የቲማቲሙን መብራት እሱ ላይ ሰካሁ።
ጫጫታ መብላት ነው ሙያህ? ብላ እንግዲህ!
ሌባ ያልኩት ዕቃ ዘብ ሆነልን እዚህ።

ታች ወርጄ አየሁ። አረንጓዴም አይደል።
ብርቱካን ነው።
ብርቱካን በእኛ ቤት፣ እለፍ ነው፣ ግን በቀስታ።
ከላይ ሳቅ ተሰማኝ፣ የልጅቷ፣ የእናቷ፣
ቆረጥ ቀጠል እያለ።
ነገ ሌላ ሶኬት እሞክር ይሆናል።
አሁን ደረጃው ላይ፣ አራተኛው ላይ ተቀምጬ፣
ባቡሩን አሳለፍኩ።