አረንጓዴ ክር

ታምፔሬ ላይ በረዶ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት፤
ሂልያ ብቻዋን ናት ከማይክሮስኮፑ ፊት።
እናቷ ሸማኔ፣ ከወንዝ ዳር ፋብሪካ፣
በመኪናው ጩኸት ጆሮዋ እስኪነካ፣
«ዓይን ይታለላል፤ ክር የሚታወቀው
በጣት ነው» ትል ነበር።

ይኸው ዓይን።
ስሙ ከተፋቀ ሰው አንጎል የወጣ ዕጢ፣
ቁጥር ሰባ አንድ፤
ቪሜንቲኑ ቀለም ጠጥቶ፣ አረንጓዴ ነዶ፣
ካስኳሉ ዙሪያ ድርና ማግ ሆኖ፤
እንዴት ያምራል!

አፈረች።
ይህ ክር ነው ሕዋሱን አጽንቶ የሚያስኬደው፣
ጤነኛውን ሥጋ ሰንጥቆ የሚያሳልፈው።
ባለፈው ሳምንት በጥሳው ነበር፤
ሕዋሱ ላላ እንጂ አልሞተም፤
ሲነጋ ዳኸ፣ እንደ ሕፃን።

ጓንቷን አወለቀች፤ ስክሪኑን በጣቷ ዳሰሰች፤
ቀዝቃዛ መስታወት።

ደብተሯ ላይ፦ «ሰባ አንድ። ይደገም።»