መጋረጃ አውራጁ

ቤርሼባ ሜዳ ናት፣ ገደል የሌለባት፤
ማሚቶ ቢያምራት በእንጨት ሠራንላት።

ዚቫ መሐንዲሷ ፊኛ አፈንድታ
ሴኮንድ ትቆጥራለች ጆሮዋን አቅንታ።
«ሁለት ከሩብ! ረዘመ! ፈረደ፣ አልብሰው!»

እጀታውን ሳዞር ከባዱ ጨርቅ ይወርዳል፤
ስሜ ፈረደ ነው፣ ጨርቁ ግን ይፈርዳል።
ግድግዳው ሲለብስ ድምፅ ራቁቱን ቀረ፣
ከስልሳ ልጅ መሃል የሳተው ተቆጠረ።
«ለተማሪ ደግ ነው» ትላለች ዚቫ፣
እውነቷን ነው።

ትናንት ማታ ግን
ጥሩምባ የምትነፋው ኦርታል፣
ከንፈሯ አብጦ፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣
«ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ አርገው» አለችኝ።

አንድ ክንድ አነሳሁት።
ያንኑ ስህተት ነፋችው፤
ጣሪያው ተቀብሎ፣
ጥቂት አቆይቶ፣
አለስልሶ መለሰላት።

ጠዋት ዚቫ ፊኛዋን ይዛ ሳትመጣ
አንድ ክንድ አወረድኩ።