የጨርቁ ጀርባ

የሱፍ ፋብሪካው ዝም፣ ወንዙ ብቻ ሲያወራ፣
በኮቪልያ ዳገት፣ በጭጋግ ተራራ፣
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ቅጼን በብብቴ፣
አርባ ሁለት ጥያቄ፣ ብዕር በደረቴ።

መዝገቡ ንጹሕ ነው። እያንዳንዱ ሣጥን
ምልክት አለበት፦ መድኃኒቷ በመጠን፣
የገላ ውሃዋ ሙቀቱ ተለክቶ፣
ከአልጋ ስትነሣ ሁለት ሰው ተገኝቶ፣
ጠርዙ የተነሣ ምንጣፍ ተወግዶ፣
ጓንት ተለውጦ፣ ቆሻሻው ተወስዶ።

«እጅግ በጣም ጥሩ» ልጽፍ ስሰናዳ፣
ከወንበሯ ሳቀች ወይዘሮ ዴኦሊንዳ።

«ስማኝ ልጄ» አለች፣ «ሠላሳ አራት ዓመት
ጨርቅ መርማሪ ነበርኩ፣ እዚያ ከታች ካለው ቤት።
ፊቱማ ሁሌ ያምራል፤ ፊቱን ማን ያበላሻል?
ገልብጠህ እየው እንጂ፤ ቋጠሮ ወደ ጀርባ ይሸሻል።»

ከትራሷ ሥር በእርሳስ የተሞላ ደብተር አወጣች።
እጇ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ቀን ግን አልዘለለች።

ሰኞ። ኢቮኔ መጣች። አሥራ ሦስት ደቂቃ።
ካፖርቷን አላወለቀችም።
ማክሰኞ። ሁለተኛዋ ሰው አልመጣችም።
ኢቮኔ ብቻዋን አነሣችኝ፤ ወገቧ ሲጮህ ሰማሁት።
ቢሮው በስልክ፣ «ሁለት ነን ብለሽ ፈርሚ» አላት።
ረቡዕ። ውሃው ልክ ነው። እጇ ግን በረዶ፤
አውቶቡስ አምልጧት በዝናብ በእግሯ መጣች።
ሐሙስ። ዘጠኝ ደቂቃ። ፀጉሬን ሳታበጥር ወጣች።
ከደረጃው ተመልሳ አበጠረችኝ።
ይህኛው አይከፈላትም።

አንብቤ ቀና ስል፣ ጣቷን ቀሰረችብኝ፦
«በልጅቷ ላይ ደግሞ ቅጣት እንዳትጥልብኝ።
ክር የሚበጠሰው በሸማኔዋ አይደለም፤
መዘውሩን ያፈጠነውን ሰውዬ ጠይቅልኝ።»

ቅጼን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ነጭ ነበር፣
ሣጥን ያላጠረው፣ ያልታረሰ ምድር።
«አሥራ ሦስት ደቂቃ» ብዬ ጀመርኩ።
ከዚያ «ካፖርት»። ከዚያ ቆም አልኩ፤
ካፖርትን በየትኛው አንቀጽ እንደምከስ ጠፋኝ።

ከታች በኩል፣ ሩጫ የሚመስል ኮቴ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማ።
ዴኦሊንዳ የግድግዳውን ሰዓት አየች፣
የእርሳሷን ጫፍ በምላሷ አራሰች፣
«ዓርብ» ብላ ጻፈች።

«ተነሥ በል» አለችኝ፣ ዓይኗን ከደብተሩ ሳታነሣ፣
«ከደቂቃዋ ላይ እየበላህባት ነው።»