ገጽ አርባ ሰባት

መብራት በመጣ ሌሊት፣ ጎንደር ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ፣
የመድኃኒት መጋዘኑን የሶፍትዌር መመሪያ ሳይ፣
ለስልክ ንባብ እንዲመች ምዕራፍ ከምዕራፍ ገጥሜ፣
የተናደውን ሠንጠረዥ አምድ ባምዱ ለቃቅሜ፤
ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ፣ ሥዕሉ ከቦታው ሸሽቶ፣
«ቀዩን ቁልፍ ይጫኑ» ይላል፣ ቀዩ ግራጫ ሆኖ ገርጥቶ።

ለሙከራ የላክሁላት ሲስተር ትርንጎ ካይከል፣
«ገጽ አርባ ሰባትን እይ ይለኛል፤ ገጹ የታል?» ስትል፣
እውነቷን ነው። በየስልኩ ገጹ ይሰፋል፣ ይጠባል፤
ፊደል ላገዘፈ ዓይን አርባ ሰባቱ መቶ ይገባል።

ፍለጋ ተመለስሁ። ካሮጌው ፋይል ቀለሙን ሁሉ ስገፍፈው፣
ከግርጌ አንድ መስመር ወጣ፤
ነጭ በነጭ ነው የጻፈው
ስሙን ያልተወ ጸሐፊ፦
«እዚህ ድረስ ያነበበ ካለ፣ እግዜር ይስጥልኝ።
እኔ እንኳ ደግሜ አላየሁት፤ እንቅልፍ ጣለኝ።»

ሳቅሁ። መሰረዝ ነበረብኝ፤ መመሪያ እንዲህ አይናገርም።
ጥቁር ቀባሁትና ተውሁት።
ለማንም አልነገርሁም።

ጧት ትርንጎ ደወለች፣ ማስፈንጠሪያውን ነክታ፤
«አብሮ ይስጠን» ብላ ዘጋች፣ ሰላምታውን እንኳ ረስታ።