ማሳ

ኩሺሮ ወደቡ በጉም ተጠቅልሎ፣
መርከብ ድምፁ ብቻ ይመጣል ተንከባሎ።
ማሳትሱጉ ጓሮው ኮፈን ከፍቶ ቆሟል፣
የባትሪው ራስ ላይ ሻጋታ ከርሟል።
ሠላሳ አራት ዓመት ከመርከብ ሆድ ገብቶ
ሽቦ ኖሯል አስሮ፣ ሽቦ ኖሯል ፈትቶ፤
ዛሬ የገዛ መኪናው አልገዛም ትላለች፣
ፍሬቻ ባበራ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች፤
ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተር ሲያስነሣ
ሦስቴ አስሏት ነው አንዴ የምታገሳ።

ትናንት በፖስታ አንድ ካርቶን መጣ፣
ከሃማማትሱ ነው፤ ከቤት ከወጣ
ስድስት ክረምት የሞላው ልጃቸው ሹንጎ የላከው።
ስልኩ እንደ ቴሌግራም ነው፣ ቃል የሚያሳሳው፤
«ደህና?» «ደህና።» «ብርዱስ?» «አለ።» ይዘጋዋል።
ካርቶኑ ግን ያወራል፣ ላዩ ላይ ተጽፏል፦
«ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጉልበት ይጨምራል፣
ሬዲዮን ያጠራል፣ መብራት ያደምቃል»፤
ውስጡ ሰማያዊ ገመድ፣ አምስት፣ እንደ ጣት የወፈረ፣
ጫፉ ወርቅ የተቀባ፣ ለጆሮ ጉትቻ ያማረ።
«ቁርጥማትስ?» አለች ሂሳኖ፣ «ቁርጥማት አያሽርም?»
ሳቀ ባፍንጫው ነው፤ ከዚያ አልፎ አይስቅም።

እኛ አገር ጋራዥ ይሄ ሽቦ «ማሳ» ነው የሚባለው፣
ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት፣ መካኒክ የወረሰው፤
ገበሬ ሲሰማው ግን ሞፈሩን ያነሣል፣
«የቱ ማሳ?» ይላል፣ «ማነው የሚያርሰው?» ይላል።
ሂሳኖ ከመስኮት ብቅ ብላ፣ ባሏን ስትፈልግ ለምሳ፣
ስሙን ለሁለት ቆርጣ ትጠራዋለች፦ «ማሳ!»

በቀዩ የወጣ በጥቁሩ ካልገባ፣
ባትሪው ምን ሊረባ፣ አምፖሉ ምን ሊረባ፤
የሄደበት መንገድ ለመብራት አይበቃም፣
የሚመለስበት ከሌለው እሳቱ አይነቃም።

ሞተሩን አስነሣ፣ መብራቱን ለኮሰ፣
ቴስተሩን ሲያስነካው ቁጥሩ ገሠገሠ፦
ዜሮ ነጥብ ስድስት። ይሄ ሁሉ ቮልት
መንገድ ላይ ነው የሚቀር፣ ሳይገባ ከቤት።
ቡሎኑን በቁልፍ ዐሥር ሲፈታው አለቀሰ፤
ሥሩ ዝገት ነው፣ የመንገድ ጨው የላሰ፣ የባሕር ጉም ያራሰ።
በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣ ፋቀ፣ ፋቀ፤
ከቀለሙ በታች ያደረው ብረት ሳቀ።
ግሪስ ቀባ። መለሰው። ያንኑ አሮጌ ጥቁር ገመድ።
ዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት።
በቃ። ገመዱ ምንም አልሆነም፤
የሚነካው ቦታ ነበር።

ካርቶኑ እዚያው አለ፣ ጉም ወርቁን አልብሶ፤
ጥቂት ዝም ብሎ አየው፤ ቁልፉን አነሣ መልሶ።
አንዱን ከሞተር ራስ፣ አንዱን ከዲናሞ፣
አንዱን ከሻንሲው ላይ፣ በጥንቃቄ፣ ደጋግሞ
እያጠበቀ አሰረ። ቴስተሩ ላይ ያው ነው፦
ዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት። አልጨመረ፣ አልቀነሰው።
ቴስተሩን አጠፋና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ጎረቤቱ ኪኩቺ ውሻውን ይዞ ሲያልፍ
«ፈረስ ጨመርክላት እንዴ?» አለው፣ በቀልድ ሲለክፍ።
«ሰማያዊ ፈረስ» አለና ነገሩን በአጭር ዘጋ፣
ኮፈኑን እንደ ድስት ክዳን ጫን አደረገው፣ ረጋ ረጋ።

ዓመቱ ሊለወጥ ሁለት ቀን ሲቀረው
ሹንጎ በረዶ ለብሶ፣ ሻንጣውን እየጎተተው
መጣ። ሰላምታው እንደ ስልኩ አጭር ነው።
ኮፈኑን ከፍቶ ግን ሰማያዊውን አየ፣
ብዙ ቆየ።
«ድምፁ ተለውጧል፣ አይደል?» አለ፣ ዓይኑ ሞተሩ ላይ።
«ተለውጧል» አለ አባት።
ፍሬቻ አበሩ፤ ዓይኗን አልጨፈነችም፣
በረዶው ላይ ብርቱካን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ።

«ማሳ!» አለች ሂሳኖ ከመስኮት፣ «ሾርባው ሊበርድ ነው!»
ሁለቱም ዞሩ።