የረቡዕ ሽሮ

እንድሪስ ነው ያመጣት፣ ጨው ጭኖ ከአፋር፣
ከመኪናው ጋቢና፣ ከወንበሩ ሥር፣
በሙዝ ካርቶን ከቶ፣ በሹራብ ጠቅልሎ፤
«ድመት ናት!» አለ አሉ፣ ኬላው ላይ ምሎ።

ጋሽ አበጋዝ ገዛት ለሆቴሉ ጓሮ፣
አዲስ ቀለም ቀብቶ፣ አዲስ አጥር አጥሮ።
ደሴ ጭጋግ ናት፤ ጦሳ ከትከሻው ጋቢውን አይጥልም፤
የበረሃ ልጅ ግን፣ ካርቶን ብትለብስም፣ ብርዱ አይለቃትም።

እኔ ሳህን አጣቢው፣ ቀላቢዋም ሆንኩ፤
ከሰው ትራፊ ላይ ጥብስ እየለቀምኩ።
ረቡዕና አርብ ግን ኩሽናው ይጾማል፣
ከሽሮ ድስት ውስጥ ሥጋ ከየት ይወጣል?
እሷም አብራን ጾመች።
«ጾመኛዋ» አልናት። ስሙን ተቀበለች።
ሙሽራው፣ ደላላው፣ ካድሬው፣ ተማሪው፣
ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፎቶ የማይነሣ ማነው?

ጠዋት ጠዋት ትጮኻለች። እንደ ድመት አይደል፣
እንደ ነብርም አይደል፤
እንደ ወፍ፣ ጺው ጺው፣ ጣራ ሥር እንዳለች።
«ደስ ብሏት ነው» እላለሁ፣ «ይኸው ዘፈነች!»
በፉጨት እመልስላታለሁ፣
እጄ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ጓሮውን ለካሁት፤
ከቧንቧው እስከ ቢራ ሳጥኑ፣ በእኔ እግር፣ አሥራ አንድ እርምጃ።
በእሷ ስንት እንደሆነ አላውቅም።
አንድ ቀን ልትሮጥ ጀምራ አየኋት፤
ገና ስትነሣ መሬቱ አለቀባት።

በጥቅምት የፊት እግሮቿ ጎበጡ፣
እንደ ቅንፍ፣ ወደ ውጭ።
«ወተት ጨምርላት» አለኝ ጋሽ አበጋዝ፣ ሒሳብ እየቆጠረ።

ዶክተር መሬማ ከኮምቦልቻ መጣች።
ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ አጥንት በአጥንት ዳሰሰች።
«ምን ነበር የምትበላው?» አለች፣ ቀና ሳትል።
ነገርኳት። የረቡዑንም አልደበቅኩም።
አንዱ እንግዳ፣ ድራፍቱን እንደያዘ፣
«ፊቷ ላይ ያለው ጥቁር መስመር እንባ ነው አይደል?» አላት።
«እንባ አይደለም፣ አፈጣጠሯ ነው፤
ለቅሶዋስ ያ ነው፣ ጠዋት የምትሰሙት፣ እንደ ወፍ ያለው፤
ግልገል እናቱን ሲያጣ የሚጣራበት ነው።»

እኔ ነበርኩ መላሿ።
ስድስት ወር ሙሉ፣ በፉጨት።

ሳጥኗን ታቅፌ ሐረጎን ወረድን፣
ጥምዝ በጥምዝ፣ ጆሯችን እየደነቆረ።
ቦርከና ጋ ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤
አፍንጫዋን አነሣች፣ ወደ ባቲ በኩል።
«ትለቋታላችሁ?» አልኩ።
«በዚህ እግር?» አለች ሐኪሟ።
ሰፊ ግቢ አለ አሉ፣ ሩቅ ነው፣ ዛፍ አለው፣
ጥላ አለው፣ ሥጋ አለው፤ ብቻ አጥርም አለው።

ትናንት ረቡዕ ነበር።
ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከጣራው ሥር፣ ጺው፣ ጺው፣ ጺው።
ሳህን ይዤ ወጣሁ፣ በባዶ ሆዴ፣ እየሮጥኩ።

ወፍ ነበረች።